ሥዕሉም ይነበባል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል ስለሚተረክ ታሪክ) እና ስለ ግራፊክ ኖቭል (በመጽሐፍ መልክ ስለሚወጣ ረጅም ኮሚክ) ናቸው። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ፣ ከቡሬ፣ ከዚሁ ከባሕር ዳርም ተጽፎልኛል። ሥዕል ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ? አንዳንዱን በአጭሩ እመልሳለሁ። አንዳንዱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁና ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የንባብ ክበብ አለን። በየወሩ አንዳችን አንድ መጽሐፍ አንብበን ሒስ እናቀርባለን። ባለፈው አንድ ልጅ «ማውስ» የሚባል ግራፊክ ኖቭል አቀረበ። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረከልንና ቁጭ አለ። ከዚያ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ይሄ የልጆች ነገር ነው፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል፤ ምኑ ነው የሚገመገመው?» አልን። እውነቱን ለመናገር እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ያ ልጅ ታሪኩን ተረከላችሁ እንጂ መጽሐፉን አልገመገመም። ክርክራችሁም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። «ማውስ» ያለ ሥዕሉ ሲተረክ፣ ከናዚ እልቂት የተረፈ አባት ለልጁ ያወራው ታሪክ ነው። ልብ ይሰብራል። ግን እንዲህ ያለ ምስክርነት በጽሑፍ ብቻም ሞልቷል። ልጁ፣ ደራሲው አርት ስፒገልማን፣ የጨመረበት ሥዕሉን ነው። አይሁዶቹን አይጥ፣ ጀርመኖቹን ድመት፣ ፖላንዶቹን አሳማ አድርጎ ሣላቸው።

መጽሐፉ እጃችሁ ላይ ካለ አባትና እናቱ ተደብቀው የሚሄዱበትን ቦታ ፈልጉ። ፖላንዳዊ ለመምሰል የአሳማ ጭምብል አጥልቀዋል። ጭምብሉ በክር የታሰረ ነው። አባትየው እሷን መለየት ይቀል እንደነበር ሲናገር፣ ሥዕሉ ላይ የእናትየዋ የአይጥ ጅራት ከካፖርቷ ሥር ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ስለ ጅራቱ አንድም ቃል አልተጻፈም። አንባቢው ግን አንዴ ካየው በኋላ ትንፋሹን ይይዛል። ማን እንደሚያያት ያውቃላ!

ሁለተኛው ቅጽ ላይ ደግሞ ደራሲው ራሱ የሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይታያል። ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ግን የአይጥ ጭምብል አለ። ዝንብ ይዞረዋል። የመጀመሪያው ቅጽ ምን ያህል እንደተወደደለት እያወራ ነው። ዓይናችሁ ወደ ታች ሲወርድ ጠረጴዛው ሥር የሬሳ ክምር ታገኛላችሁ። ያ ሰው ስለ ስኬቱ ምን እንደሚሰማው በዚህ አንድ ሥዕል ገባችሁ ማለት ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው እንዲሁ አይደለም። ሒስ አቅራቢው ጭምብሉንና ጅራቱን ካላነሣ ምኑን አነሣው?

ቶሎ ያልቃል ለምትሉት፣ ቶሎ የሚያልቀው ጽሑፉ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህን ነው። አንድ ጊዜ እንደ ማንኛውም ታሪክ አንብቡት። ከዚያ ከመጀመሪያው ተመለሱና አረፋዎቹን፣ ማለትም ንግግሩ የተጻፈባቸውን ክቦች፣ በእጃችሁ እየሸፈናችሁ ሥዕሉን ብቻ ተከተሉ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ? ገጹ ለምን እዚህ ጋ በትንንሽ ሳጥን ተጨናነቀ፣ እዚያ ጋ ለምን አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ሆነ? ቀለሙ መቼ ተለወጠ? ሰውየው «ደህና ነኝ» ሲል እጁ ምን እያደረገ ነው?

በተለይ በሁለት ሳጥን መካከል ያለውን ነጭ ቦታ አትናቁት። ስኮት ማክላውድ የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን በደንብ ያሳያል። አንዱ ሳጥን ላይ አንድ ሰው መጥረቢያ አንሥቶ ሌላውን ያባርራል። ቀጣዩ ሳጥን ላይ የምታዩት የከተማ ሌሊትና አንድ ጩኸት ብቻ ነው። መጥረቢያው ሲያርፍ አልተሣለም። ያሳረፈው አንባቢው ነው። ጥሩ ደራሲ ምኑን ለእናንተ እንደሚተው ያውቃል። ጥሩ ሒስ ደግሞ ያ የተተወው ነገር ምን እንደሆነ ፈልጎ ያወጣል።

«የልጆች ነገር» የምትለዋ ግን በጣም ከንክናኛለች። ጎጃም ተወልዶ ሥዕል የልጅ ነው ማለት እንዴት ይሆናል? ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ሂዱና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ታሪኩ ተከፋፍሎ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ይሄዳል። ደጉ ሰው ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉው በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ቆመው ማን ማን እንደሆነ ይነግሯችኋል።

በጣና ገዳማት የበላዔ ሰብእን ታሪክም እንደዚሁ ተከተሉት። ሰው ሲበላ፣ ለምጻሙ ውኃ ሲለምነው፣ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሲሰጠው፣ ከዚያ ነፍሱ ሚዛን ላይ ስትቀመጥ። ቅዱስ ሥዕልና ኮሚክ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አንደኛው የጸሎት ነው። ታሪክን በሥዕል ቅደም ተከተል ማንበቡ ግን የኛው የቆየ ዕውቀት ነው። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፋፍሎ የያዘውን ሸራ ስንቶቻችሁ ግድግዳ ላይ አይታችሁታል? ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሠሩት፤ የሚያዩትም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ክበባችሁ «ማውስ»ን ደግሞ ያቅርብና በዚህ ዓይን ይየው። ያንን ልጅም እንደገና ዕድል ስጡት፤ ለመጀመር የደፈረው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የኮሚክ ዳሰሳ እየጻፍኩ ለጓደኞቼ አካፍላለሁ። «ለሁሉም አምስት ኮከብ ነው የምትሰጠው» እያሉ ያበሽቁኛል። የጀግና ታሪክ፣ አስፈሪ፣ የሕይወት ታሪክ፣ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ)፣ ሁሉንም አነባለሁ። በአንድ ሚዛን መመዘን ይቻላል ወይ?

መልስ፦ አይቻልም። እኔ ብሆን ኮከቡን ጭራሽ እተወው ነበር። ኮከብ ስትሰጥ ጓደኞችህ ኮከቡን አይተው ያልፋሉ፤ የጻፍከውን የሚያነብ አይኖርም።

መጽሐፉን ልትሠራ የተነሣኸው ምንድን ነው ብለህ ጠይቀው። አስፈሪ ታሪክ ሊያስፈራ ነው የተነሣው። ስለዚህ ፍርሃቱ የት እንደተቀመጠ ፈልግ። የጁንጂ ኢቶን «ኡዙማኪ» ካነበብክ ታውቀዋለህ። አንዲት ከተማ በጠመዝማዛ ቅርጽ ትለከፋለች። ነገሩ በወሬ ደረጃ ሲነገር እንኳን ሊያስፈራ፣ ግራ ያጋባል። ገጹን ስትገልጥ ግን ሌላ ነው። ኢቶ በትንንሽ ሳጥኖች ቀስ እያደረገ ይወስድሃል። አስጸያፊውን ትልቅ ሥዕል የሚያስቀምጠው ገጹን ከገለጥክ በኋላ ነው። ጣትህ ወረቀቱ ላይ እያለ መግለጥ ትፈራለህ። ስልክ ላይ ወደ ታች እየሳብክ ካነበብከው ይህ ነገር ይበላሻል፤ ሁለት ገጽ የያዘ ሥዕልም ለሁለት ይቆረጣል። ዳሰሳህ ላይ በስልክ ይሁን በወረቀት እንዳነበብክ ብትጽፍ ለአንባቢህ ትጠቅመዋለህ።

የጀግና ታሪክ ሌላ ሚዛን ይፈልጋል። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ከወጣ ጀምሮ የሚበር፣ ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው ብርቅ አይደለም። ኃይሉ ምን አስከፈለው? ማንስ ይቆጣጠረዋል? ብለህ ጠይቅ። «ዋችሜን» ይህን ጥያቄ እስከ ጥግ ወስዶታል። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1987 በ12 ክፍል የወጣ ነው። አለን ሙር ጻፈው፣ ዴቭ ጊቦንስ ሣለው። አብዛኛው ገጽ ዘጠኝ እኩል ሳጥን ነው። አምስተኛው ክፍል ላይ የገጾቹ አከፋፈል እንደ መስታወት ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ከመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር ይገጥማል። ሳጥኖቹን ቆጥረህ ተመልከታቸው፤ ደስ ትሰኛለህ።

የኛም አለ። ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን አወጣ፤ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። እሱን ስትገመግም አንድ ነገር አደራ። «የኛ ስለሆነ ጎበዝ» ብለህ አትለፈው። ለውጭው የምትጠይቀውን ሁሉ ለሱም ጠይቅ። ሰዎቹ ሲያወሩ እንደኛ ሰው ያወራሉ? ሰፈሩ ሰፈር ይመስላል? ድብድቡ ላይ ማን ማንን እንደመታ ይለያል? አገር ውስጥ የሚሠራ ሠዓሊ ጭብጨባ ብቻ ሳይሆን በጥንቃቄ የሚያነበው ሰው ይፈልጋል።

የሕይወት ታሪክ ላይ ደግሞ የሥዕል ውበት ሁለተኛ ነው። የማርጃን ሳትራፒ «ፐርሰፖሊስ» ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ መስመሩም ቀላል ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ሂጃብ የለበሰች የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ቀጥሎ የክፍል ጓደኞቿ አብረው ፎቶ ተነሥተዋል፤ እሷ ግን ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ ተቆርጣ ትንሽ ብቻ ነው የምትታየው። ኢራን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 ልጅ መሆን ምን እንደሚመስል ከዚያ ይጀምራል። «ሥዕሉ የልጅ ሥዕል ይመስላል» ብሎ የሚያጣጥል ዳሰሳ አንብቤያለሁ። ልጅ ናት እኮ የምትተርከው!

ጋዜጠኝነትም በኮሚክ ይሠራል። ጆ ሳኮ ፍልስጤም ሄዶ ያየውን ሲሥል ራሱንም አብሮ ይሥላል፤ መነጽሩ ውስጥ ዓይኑ አይታይም። እንዲህ ያለው ላይ የምትመዝነው ታማኝነቱን ነው። ማን ተናገረ? ማን ሳይናገር ቀረ? እሱስ የት ቆሞ ነበር?

ፍቅርና ጨዋታ ያለበት የሰፈር ታሪክ ከፈለግህ «አያ»ን አንብብ። ማርገሪት አቡዌ ጻፈችው፣ ክሌማን ኡብረሪ ሣለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በአቢጃን ዮፑጎን ሰፈር የሚኖሩ የሦስት ሴት ልጆች ታሪክ ነው። አያ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ጓደኞቿ ዳንስ። ጦርነትና ረሃብ የሌለበት አፍሪካ ማየት ምንኛ ያሳርፋል! በዚህ መጽሐፍ ላይ ሚዛኑ ሐሜቱ፣ ልብሱ፣ የሰፈሩ ድምቀት ነው። በጣም የምወደውም ለዚህ ነው፤ ከ«ኡዙማኪ» ጋር ግን አላወዳድረውም።

ጥያቄ፦ የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ፍኖተ ሰላም ነው የምንኖረው። ልጁ ስልኬን ከያዘ የጃፓን ኮሚክ ነው። ጭራሽ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያነበው። ትምህርቱን እንዳያበላሽበት ፈራሁ። ልከልክለው?

መልስ፦ አይከልክሉት ወንድሜ። አጠገቡ ቁጭ ብለው አንዱን ያንብቡለት፤ ወይም እሱ ያንብብልዎ። ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱ የጃፓኖች የመጽሐፍ ሥርዓት ነው፤ የልጁን አማርኛ አያበላሽበትም። ሁለቱን አቅጣጫ ለይቶ ማንበቡ እንዲያውም ንቃት ነው።

የርስዎ ስጋት ግን አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ወርታም የሚባል የአእምሮ ሐኪም «ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል» ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በፊትም ኮሚክ ተሰብስቦ የተቃጠለባቸው ከተሞች ነበሩ። አሳታሚዎቹ ደንግጠው በዚያው ዓመት ጥብቅ ደንብ በራሳቸው ላይ አወጡ። ለትልልቅ ሰዎች የሚሠሩ ብዙ ሥራዎች በዚያ ምክንያት ጠፉ።

ሊጠነቀቁ የሚገባው ዕድሜው ላይ ነው። ማንጋ በአንባቢው ይከፋፈላል። «ሾነን» የሚባለው ለወንድ ልጆች ነው፤ «ሴይነን» ለአዋቂ ወንዶች። ሥዕል ስላለው ብቻ የልጅ ነው ብለው እንዳይተዉት። ከላይ ያነሣሁት «ኡዙማኪ» ለልጅዎ አይሆንም። የኬይጂ ናካዛዋ «ጌን» ደግሞ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የነበረ ልጅ ታሪክ ነው። ደራሲው ያን ቀን የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ራሱ ከዚያ የተረፈ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን የተቃጠለ ሰው ያሳያል። ልጁ ትንሽ ከፍ ሲል፣ እርስዎ አብረውት ሆነው ያንብበው። የድሮ የአውሮፓ ኮሚክ ስለሆነም ብቻ አይመኑ። «ቲንቲን በኮንጎ» አፍሪካውያንን የሚሥልበት መንገድ ያማል። ልጁ እጅ ከገባ ለምን እንደሚያም ያስረዱት።

የስልኩን ሰዓት መወሰን የርስዎ ድርሻ ነው፤ እዚያ ላይ ጥብቅ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ዳንግላ ነው ያለሁት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኮሚክ እሠራለሁ። ስምንት ገጽ በፎቶ ልኬልዎታለሁ። ለሰው ሳሳይ «ያምራል» ብለው ይመልሱልኛል፤ ሌላ ነገር አይሉኝም። ጽሑፉ አረፋው ውስጥ አልገባ እያለ ያስቸግረኛል። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።

መልስ፦ ስምንቱንም ገጽ ደጋግሜ አየሁት። እውነቱን እነግርሻለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት ሦስተኛው ገጽ ነው። ልጅቷ ከከተማ ተመልሳ ቤት ትገባለች። እናትየዋ ሞሰቡን ትከፍታለች። ባዶ ነው። ሞሰቡን ከላይ ነው የሣልሽው፤ ስፌቱ እየተጠማዘዘ ወደ መሃል ይገባል፣ መሃሉ ላይ አንዲት ፍርፋሪ ብቻ። በጣም ጥሩ ነው! ግን አጠገቡ «እንጀራ የለም» ብለሽ ጻፍሽበት። አጥፊው። ሥዕሉ ነግሮናል። ቀጥሎ ያለው ሳጥን ላይ እናትየዋ «ጾም ነው ልጄ» ስትል ያን ጊዜ ቃሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ውሸት መሆኑን በዓይናችን አይተናል።

ስድስተኛው ገጽ አልገባኝም። ፈረሰኞቹ ሲመጡ ሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ነው። አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ሰዎችሽን በሙሉ በጥቁር ቀለም ሙዪያቸው፤ ጥላ ብቻ ይሁኑ። በጥላቸው ብቻ ማን ማን እንደሆነ ከለየሽ ተሳክቶልሻል። አንዱ አጭር ይሁን፣ አንዱ ትከሻው የጎበጠ፣ አንዷ ጋቢዋን በሌላ መንገድ የምትደርብ። አንቺ ያለሽው የአገው ፈረሰኞች አገር ነው። ጥር 23 የበዓሉ ቀን ደብተርሽን ይዘሽ ውጪና ፈረሱ ሲዞር አንገቱ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጌጡ የት የት እንደሚንጠለጠል ሣይ። የላክሽልኝ ፈረስ ከፊልም ላይ የተቀዳ ይመስላል።

የአረፋውን ነገር በተመለከተ፣ ስትሠሪ ሥዕሉን አስቀድመሽ ጽሑፉን በተረፈው ቦታ ላይ እንደምትወትፊ ያስታውቃል። ገልብጪው። መጀመሪያ ንግግሩን በእርሳስ ጻፊ፣ ከዚያ አረፋውን ክበቢ፣ ሥዕሉ በመጨረሻ ይምጣ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ አረፋ ጠባብና ረጅም መሆን ይችላል፤ ቃላቱ አጫጭር ናቸው። እኛ ግን «አልነገርኳችሁም» ብለን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአንድ ቃል እንጽፋለን። ስለዚህ የአማርኛ አረፋ ወደ ጎን ሰፋ ይበል። ቃሉን መሃል ላይ ሰብረሽ ወደ ታች አታውርጂው፤ አንባቢው ይደናቀፋል። ንግግሩንም አሳጥሪ። ሰው ተናዶ እያለ አራት መስመር አይናገርም።

ድምፅ ላይ ደግሞ ሀብታም ነሽ። «ባንግ» እና «ቡም» ምን ያደርጉልሻል? በሩ «ጓ» ይበል፣ ጠመንጃው «ዷ»፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ «ሿ»፣ ጥፊው «ጧ»። ፊደሉንም ከድምፁ ጋር ሣዪው፤ «ሿ» ገጹን አቋርጦ በሰያፍ ይውረድ።

አሥራ ስድስት ገጽ ሲሆን እንደገና ላኪልኝ። አነበዋለሁ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደል፤ ከቡሬ ነኝ። በአንድ መጽሐፍ ልጀምር ብል የቱን ይመርጡልኛል?

መልስ፦ የሾን ታንን «ዘ አራይቫል»። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው፤ ሙሉ መጽሐፉ ውስጥ የሚነበብ ቃል የለም። አንድ አባት ሚስቱንና ልጁን ትቶ ሩቅ አገር ይሰደዳል። የሚደርስበት ከተማ ጽሑፍ ሁሉ ደራሲው የፈጠረው ፊደል ነው፤ ስለዚህ እርስዎም ኦክስፎርድ የተማረውም እኩል ግራ ትጋባላችሁ፤ ልክ እንደ ስደተኛው። ከዚህ አገር ስንት ሰው እንደተሰደደ እያሰብኩ ነው ያየሁት፤ መርከቡ ላይ ያለው የደመና ሥዕል ጋ ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። ትንንሽ ሳጥኖች፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ ሰማይ። ቀኑ እንዴት እንደማይገፋ ነው የሚነግረን።

ለሚቀጥለው ወር ሁላችሁም አንድ ኮሚክ መርጣችሁ ግማሽ ገጽ ዳሰሳ ላኩልኝ። ታሪኩን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሱት፤ የቀረውን ሁሉ አንድ ገጽ መርጣችሁ ስለዚያ ገጽ ሥዕል ጻፉበት። የደብረ ማርቆሱ ክበብ ቀድሞ እንዲልክ እጠብቃለሁ።